እሳቱ ከብረቱ አልሸሸም

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት የሰው ጀርባ ነበር። አንድ ወጣት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይጸልያል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ክሎርና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። እኔን ያመጡኝ ከሃፍጋናው ነበር፤ ስለ ተገደለው የማኅበረሰባችን ወጣት በኔታንያ ከተማ ጎዳና ከወጣንበት ሰልፍ። አንጓዬ ላይ የካቴናው ምልክት ገና ቀይ ነው።

ወጣቱ ጨርሶ ዞረና፣ “እንዴት አደሩ ጋሼ?” አለኝ፤ ጥርት ባለ የጎንደር አማርኛ። ዲያቆን ነው። ባሕር ዳርቻው ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሳህን ያጥብ ነበር፤ ቪዛው አልቆ ያዙት።

“ሊመልሱህ ነው?”

“ዛሬ ነው ያሉኝ። እዚያም የሚጠብቀኝ እስር ቤት ነው።”

እርጋታው አናደደኝ። “አምላክህ ይኸን እያየ ዝም ይላል?”

“እሱም ታስሯል፤ ተገርፏል።”

“ከተገረፈማ አምላክ አይደለም” አልሁት። “አምላክ ከሆነ ደግሞ ማን ይገርፈዋል?”

“ብረት እሳት ውስጥ ሲገባ አይተዋል?” አለኝ።

ሳቄ መጣ። “የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ወናፍ ስነፋ ነው ያደግሁ።”

ደነገጠ። በአገራችን ክርስቲያኖቹ እኛን ቀጥቃጭ አይሁዶችን ቡዳ ይሉን፣ ምግባቸውን ከዓይናችን ይሸፍኑ ነበር።

“እንግዲያ እርስዎ ይንገሩኝ” አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “እኔ ከመጽሐፍ ነው የማውቀው። ቀጥቃጭ ቤት እንዳልጠጋ እናቴ ከልክላኝ ነበር።”

ነገርሁት። ብረቱ ቀስ እያለ ይቀላል፤ ኋላ ፍም ይመስላል። ያን ጊዜ ያበራል፣ ያቃጥላል፤ ብረትነቱን ግን አይተውም። እሳቱም እሳትነቱን አይተውም። የቱ ጋ አንዱ አልቆ ሌላው እንደሚጀምር አባቴም አያውቅም ነበር።

“አባትዎ ሲቀጠቅጡት መዶሻው የሚያገኘው ማንን ነው?”

“ብረቱን።”

“እሳቱስ?”

“እሳቱን መዶሻ አይጎዳውም። ግን ሸሽቶ አይወጣም። እዚያው ነው ያለ።”

“ተዋሕዶ የምንለው ይኸን ነው” አለ ዲያቆኑ። “ሥጋው ሲገረፍ መለኮቱ አልታመመም። አልተለየውምም።”

ጸጉሬ ቆመ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ሥራ ሲናቅ ኖሯል። የናቁት ሰዎች ከምሥጢራቸው ሁሉ የረቀቀውን የሚማሩት ለካ በእሱ ምድጃ ነበር።

ምሳ ዳቦ በአይብ መጣ። ዲያቆኑ ጾም ነውና አይቡን ለእኔ ሰጠኝ። ዳቦውን ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፤ ዓይን ዓይኔን እያየ በላ።

ከሰዓት በኋላ ፖሊሱ መጣና በጣቱ ጠራው።

ብድግ አልሁ። “የሃይማኖት ሰው ነው” አልሁት በዕብራይስጥ። “በስሙ ጥራው።”

ፖሊሱ አየኝ፤ ከዚያ ወረቀቱን አየ። ስሙን አስተካክሎ እስኪጠራ ሁለት ጊዜ ሞከረ። ዲያቆኑ አንገቱን ሰበር አድርጎ ተሰናበተኝና ወጣ። እኔም የእግሩ ድምፅ እስኪጠፋ አልተቀመጥሁም።

እኔን በማግስቱ ለቀቁኝ። የእሱን ነገር ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ክርስቲያን አልሆንሁም፤ እንደ አባቶቼ እግዚአብሔር አንድ ነው እያልሁ በየቅዳሜው ሻባት እጸልያለሁ። አንድ ቀን ይኸን ሳወራላት ልጄ፣ “አባ፣ አምነኸው ነበር?” ብላ ጠየቀችኝ። አላመንሁም አልኋት። ባላመንሁት ነገር ፊት መንቀጥቀጤን ግን አልደበቅኋትም።