ሰባት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ

ነገሩ ሁሉ ሦስት በግ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃና የእናቴን ግራ ዓይን አስወጥቶናል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ነጋዴ ስለሆንኩ ነው፤ ዋጋውን ሳልናገር ዕቃ ማወደስ አልወድም።

ደብረ ብርሃን ባለችው ሱቄ ምድጃ፣ አምፖልና የፀሐይ መብራት እሸጣለሁ። አንዳንዴ ከመንዝ የመጣ ገበያተኛ ሲገባ፣ እሱ «እንደምን ዋልክ» ሳይለኝ የጋቢው ሽታ ይቀድመዋል። የኩበት ጭስ ነው፤ ሳይደርቅ በግድ የነደደ ኩበት። ያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ሐሳቤ ካለሁበት ይሄድብኛል፤ አንድ ቀን ለአንዱ መልስ አብዝቼ ሰጥቼው፣ ሰውየው ሐቀኛ ሆኖ ከመንገድ ተመልሶ አምጥቶልኛል። ሁለተኛ ሐቀኛ እንደማይገጥመኝ ስለማውቅ፣ አሁን ያ ሽታ ሲመጣ ብር አልነካም።

ቤታችን መንዝ ውስጥ፣ ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብሎ፣ መንገድ ዳር ነበር። በጋ ገብቶ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ሲያድር፣ እኛ ልጆች ከእናታችን ጋር እበት እየለቀምን፣ ከገለባ ጋር እያሸን፣ ግድግዳ ላይ እየለጠፍን እናደርቅ ነበር። እንጨት በኛ አገር የድግስ ነገር ነው፤ የዘወትሩ ማገዶ ኩበት ነበር። ለመብራት ላምባ የምትጠጣ ኩራዝ ነበረችን፣ እሷም ያላትን ያህል ታጨስ ነበርና፣ ጠዋት አፍንጫችንን ስንናፈጥ የሚወጣው ጥቁር ነበር። እናቴ ዓይኗ ቀልቶ፣ በነጠላዋ ጫፍ እየጠራረገች፣ ፊቷን ወደ በሩ መለስ ወደ ድስቱ ዞር እያደረገች ወጥ ታማስል ነበር። ለማያውቃት ሰው ሁልጊዜ ከለቅሶ ቤት የተመለሰች ትመስል ነበር።

ጠበሉም፣ ቅባቱም አልሆን ሲል፣ አባቴ ጤና ጣቢያ ወሰዳት፤ እኔም ተከትዬ ነበር። ሐኪሙ ሽፋሽፍቷን ገልብጦ አየና «እናቴ፣ ዓይንዎ ጭስ አይችልም» አላት። «ጭሱ ካልራቀ ግራው ይጠፋል።»

«የት ላርቀው ልጄ» አለችው፣ «ቤቱ አንድ ክፍል ነው።»

ስንመለስ መንገድ ላይ አባቴ፣ ስለ ሌላ ነገር እንደሚያወራ ሁሉ፣ «መብራት ሊገባ ነው አሉ። የገባ ቀን ከጭስ አወጣሻለሁ» አላት። አባቴ ጌታነህ ቃሉን የሚቆጥብ ሰው ስለነበር፣ እናቴ ይህቺን ቃል እንደ ስለት ይዛ ተቀመጠች።

ምሰሶው የመጣው መስከረም ላይ፣ ሜዳው ገና ረግረግ ሳለ ነው። አባቴ አንዱን ሙክት በግ ሸጦ ቆጣሪ በስሙ አስገባ። የበላይና የበታች ጎረቤቶቻችን ስድስት ቤት ነበሩ፤ ለሁሉም ቆጣሪ ማስገባት አቅም የሚጠይቅ፣ ወረፋውም ረጅም ሆነና፣ «ለምን በአንዱ አንጠቀምም» ተባለ። ከኛ ግድግዳ ሽቦ እየተሳበ፣ በባሕር ዛፍ አጣና ላይ እየተንጠለጠለ፣ ወደ ስድስቱም ቤት ሄደ። ሂሳቡ እኩል ለሰባት እንዲካፈል ተስማሙ። በዚያ ሰሞን የቤታችን ጓሮ የልብስ ማስጫ ይመስል ነበር፤ ሁሉም ግን ደስ ብሎት ነበር፣ ተጋርቶ መቻል ከጥንት የምናውቀው ነገር ነውና።

አባቴም ቃሉን ጠበቀ። ሁለተኛውን በግ ሸጦ፣ ሽቦው ሲግል የሚቀላ ባለ አንድ ዓይን ምድጃ ገዝቶ መጣ። እናቴ የመጀመሪያውን ሽሮ የሠራች ዕለት እጇን ወደ ምድጃው ዘርግታ «ይኼ እሳት ነው የሚባለው? አያስነጥስ፣ አያስለቅስ» ስትል ትዝ ይለኛል። ጥር ሲገባ የዓይኗ ቅላት ጠፍቶ ጠራ። ገበያ ስትሄድ ሰዎች «ምን ተገኘ?» ይሏት ጀመር።

የተገኘው ሂሳብ ነበር። ወረቀቱ በየወሩ እያበጠ ይመጣ ነበር። በበልግ፣ ገብሱ ሲዘራ፣ ከታች ቤት ያሉት አያ ደምሴ ወረቀቱን እንደ መጥፎ ሕልም በሁለት ጣታቸው ይዘው መጡ።

«ጌታነህ፣ እኔ ያለችኝ አንዲት አምፖል ናት። እሷም ከኔ ጋር ነው የምትተኛው። የማንን ሽሮ ነው የምከፍለው?»

አባቴ አፈረና የኛን ድርሻ እጥፍ አደረገ። ሂሳቡ ከዚያም በላይ ዘለለ። እንደገና ጨመረ፤ እንደገና ዘለለ። ያኔ ሰው በሰው ላይ ዓይኑን ጣለ። አንዷ ጠማቂ ማታ ማታ የማይታወቅ ነገር ታፈላለች ተባለ፤ አንዱ ራዲዮውን ሌሊቱን ሙሉ ሳይዘጋው ያድራል ተባለ፤ ሽቦ ቆርጦ በጨለማ የሚቀጥል አለ ተባለ። ሰባት ቤት ሰው በአንድ ሽቦ ታስሮ ሰላምታ መሰጣጣት ተወ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ተሰበሰቡ። ከበላያችን ያለው የጓሳ ሜዳ፣ የቤት ክዳን ሣር የሚበቅልበት፣ በአባቶቻችን ሕግ ለዓመታት ተከልሎ፣ ሣሩ ሲደርስ በተቆረጠ ቀን ተከፍቶ፣ እኩል ይታጨድ የነበረ ነው። ከቀኑ በፊት ማጭድ ይዞ የተገኘ ይቀጣ ነበር። ሽማግሌዎቹ ይህ ሕግ ያልገዛው ነገር አይተው ስለማያውቁ፣ መብራትንም በዚሁ ሊገዙት ተነሡ። «እንደ ጓሳ ይከለል» ተባለ። ከአሁን ወዲያ አምፖል ብቻ፣ እሱም ከጀምበር መጥለቅ እስከ መኝታ። ምድጃ፣ ማሞቂያ፣ ሌላም የሚግል ነገር ሁሉ ክልክል። ጥሶ የተገኘ በግ ይክፈል። ዳኛም ያስፈልገዋልና፣ ቆጣሪው ያለው ከአባቴ ግድግዳ ላይ ስለሆነ አባቴ ተሾመ። ብዙ ነገር የሚንቅ ሰው ነበር፤ ሹመት ግን አልናቀም። ምድጃውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቆጥ ላይ አወጣው። እናቴ ወደ ኩበቷ ተመለሰች።

እኔም ሹመት ደረሰኝ። አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከቤታችን ቁጥር የማነበው እኔ ስለሆንኩ ቆጣሪ ጠባቂ አደረጉኝ። በመስታወቱ ውስጥ የምትዞር፣ ጠርዟ ላይ ቀይ ምልክት ያለባት ክብ ብረት ነበረች። አምፖል ብቻ ሲበራ እንደ ደብተራ ወረብ ቀስ ብላ ትዞር ነበር፤ የሚግል ነገር ሲሰካ ግን እንደ ጉግስ ፈረስ ትጋልብ ነበር። እኔ ከጨዋታ ይልቅ እሷን ማየት ወደድኩ። ስለ ሹመት ሳወራ አባቴን ብቻ አልወቅስም።

ክረምቱ እንደ መንዝ ክረምት ነበር። ጉሙ በር ድረስ ገብቶ ይቀመጥ፣ ኩበቱ ከግድግዳው ላይ እየሟሸሸ ይወድቅ ነበር። በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ አባቴና አያ ደምሴ ከዝናቡ ሸሽተው ከጣሪያችን ጠርዝ ሥር ቆመው ያወሩ ነበር። እኔ ቀና ብዬ ቆጣሪውን አየሁና፣ ሥራዬን የማውቅ መሆኔን ለማሳየት፣ ጮክ ብዬ «አባዬ፣ ቀይዋ እየጋለበች ነው» አልኩ።

አያ ደምሴ «በቀን?» አሉ።

ሦስታችንም ገባን። እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ምድጃው ከፊቷ ቀልቷል፣ የክክ ወጥ ይንተከተካል፤ ዓይኗም ደረቅ ነው። አልደነገጠችም።

«ኩበቱ ረጥቦ ነው» አለች።

«ሕግ አለ» አላት አባቴ።

«አውቃለሁ። ዳኛው የሚተኛው ከኔ ጋር ነው።»

አያ ደምሴ ጋቢያቸውን እያራገፉ ወደ በሩ ዞሩ። «ተወው ጌታነህ። እኔ ያየሁት ዝናብ ነው። ሌላ ያየሁት የለም።»

ሰውየው የምሕረት በር ከፍተው ነበር፤ አባቴ ዝም ብሎ ማለፍ ብቻ ነበረበት። እሱ ግን «አንተ ባታይ ቆጣሪው አይቷል። ዛሬ የቤቴን ባልፍ፣ ነገ የማንን እዳኛለሁ?» አለ። ያን ጊዜ እናቴ የተናገረችውን እስከ ዛሬ በድምፅዋ እሰማዋለሁ፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። «ለጓሳ ሣር ያዘንከውን ያህል ለኔ ዓይን ብታዝን ምን ነበረበት» አለችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ምድጃውን ወደ ጽዱ ሥር ይዞ ሄዶ፣ ሰው ሁሉ እያየ ሽቦውን በጉጠት በጣጥሶ፣ ሦስተኛውን በግ አስረከበ። ጾም ስለነበር በጉ ለቅጣት ተከፍሎም ወዲያው አልተበላም፤ ፍልሰታ እስኪፈታ የቀለብነው እኛው ነን። ሰው «እንዲህ ያለ ዳኛ የት ይገኛል» እያለ አመሰገነው። የሚቀጥለው ወር ወረቀት ሲመጣ ሂሳቡ ወርዶ ነበር፤ ምስጋናው ግን ከሂሳቡ ጋር አልወረደም።

ጥቅምት ላይ አዲስ ቆጣሪ አንባቢ መጣ። ወጣት ልጅ ነው፤ ከግድግዳችን የሚወጣውን የሽቦ ጉንጉን አይቶ ሳቀ። ጠላ ቀምሶ ሲቀመጥ ነገሩን ገለጠልን።

«ዋጋው በደረጃ ነው አባት። ትንሽ የበላ በርካሽ ይከፍላል፣ ብዙ የበላ በውድ። ሰባት ቤት ስትደመሩ ወረቀቱ ላይ አንድ ሀብታም ትመስላላችሁ።»

አባቴ «ለየብቻችን ብንሆን ኖሮስ? ምድጃ ያለው ቤት?» አለው።

«ምድጃ ያለውም ቢሆን ያን ያህል አይከብደውም ነበር።»

ከሰባቱ ቤት የሰረቀ አልነበረም። መጋራታችን ነበር ያስወደደው። አባቴ ተነሥቶ በጎቹን ለማየት ወጣ፤ በዚያ ዓመት የምናያቸው ብዙ በጎች አልነበሩንም። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ለየራሱ ቆጣሪ ሊያስገባ ተመዘገበ። «ዕቃ የለም፣ ጠብቁ» ተባለ፤ ጠበቅን። በሁለተኛው ክረምት እናቴ ጨው ስትጨምር ከድስቱ ግራ በኩል መሬት ላይ በተነችው። ሁላችንም አየን። ግራው ሄዶ ነበር።

ዛሬ ይህንን ሁሉ እንደ ነጋዴ ሳስበው የሚያናድደኝ፣ በጅምላ ሲገዙት የሚወደድ ዕቃ መኖሩን አንድ ሰው አስቀድሞ ሊነግረን አለመቻሉ ነው። አንዳንዴ ስለ አየር መበከል የሚያስተምሩ ሰዎች ይመጣሉ፤ መብራታችን ከውሃ ስለሚመጣ ጭስ የለውም ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ጭሱ የነበረው እኛ ቤት ነው፣ ቤቱን ያጨሰውም ዋጋው ነው። አሁንም ታሪፉ ሲጨምር፣ መብራቱ ሲጠፋ፣ ምድጃ የገዛኝ ሰው ዞሮ ኩበት ሲገዛ አያለሁ። አንድ ቆጣሪ ለአራት ለአምስት ሊጋሩ የሚመጡ ሲያጋጥሙኝ «ተዉ» እላቸዋለሁ፤ «አይ፣ ተጋርተን እንችለዋለን» ይሉኛል። ሽቦውን እሸጥላቸዋለሁ። ነጋዴ ነኝ።

እናቴ አሁን ከኔ ጋር ነች። ኩሽናዋ ውስጥ ባለ ሁለት ዓይን ምድጃ አስገብቼላታለሁ፤ እሷ ግን ወጡ ሳይበስል ታጠፋዋለች፣ ለምን ስላት «ይጋልባል» ትለኛለች። አዲሱ ቆጣሪ የሚዞር ብረት እንደሌለው ብነግራትም አታምነኝም፤ ከዚህ በፊት ስለ ቆጣሪ የተናገርኩት ነገር ምን እንዳደረጋት ታውቃለችና።

አባቴ ካረፈ ቆየ፤ አፈር ይቅለለው። ከሦስቱ በጎች የተረፈ የለም። ምድጃው ተቆርጧል። የቀረን አንድ ዓይንና በአባቴ ስም የተመዘገበ ቆጣሪ ነው።