ጠርቶ ያልጸዳ ውሃ

ወይዘሮ ኦክሳይድ የማቅለሚያ ቤቱን ቫልቭ በመዶሻ ሰብራዋለች የሚሉ አሉ። አልሰበረችም። ሰው ሲሞት ወሬው ከልካይ ያጣል፤ ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ማስቀመጥ ይገባል። ግትር ነበረች የሚለው ግን ሐሰት የለበትም።

ስሙን ያወጡላት ሠራተኞቹ ናቸው። ኬሚስትሪ ተምራ ስትመጣ፣ የጨርቅ ማቅለሚያው ባለቤት የሆነው የባሏ ታላቅ ወንድም ከጓሮ ያለውን የፍሳሽ ገንዳ አስረከባት። እሷም መስታወቶችን ቲታኒየም ኦክሳይድ በሚባል ነጭ ዱቄት ለብጣ ፀሐይ ላይ አጋደመቻቸው፤ ቀዩን ፍሳሽ በፓምፕ እየሳበች በላያቸው ታንዠቀዥቀው ጀመር። ዱቄቱ ብርሃን ሲያርፍበት ቀለሙን ይሰባብራል፣ እሱ ራሱ ግን አያልቅም። «ፀሐይን ያለ ደሞዝ ቀጠረቻት» እያሉ ይስቁ ነበር።

አንድ ቀን ውሃው ጠራ። ባለቤቱ በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን አነሳው።

«እሰይ የኔ እህት! በይ ቫልቩን ክፈቺው፣ ወደ ወንዙ ይሂድ። ገንዳው ካልጎደለ ነገ ማቅለም የለም።»

«አይከፈትም ጋሼ። የጠፋው መልኩ ነው። ስብርባሪው እዚያው ውስጡ አለ፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከቀለሙ ይብሳል። ገና ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል።»

«የማይታይ ነገር ከየት አመጣሽ?»

እርጥብ ጥጥ የተነጠፈባቸው ሁለት ሳህኖች አሳየችው። የቧንቧ ውሃ የጠጣው ምስር በቅሏል። የገንዳውን የጠጣው አብጦ ጠቁሯል።

«ሰው ምስር ይበላል፣ አንቺ ሥራ ታስፈቺበታለሽ!»

ሠራተኞቹ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የቫልቩን እጀታ ፈታችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰበረችው የተባለው ይኸው ነው።

«ከታች ያሉት ጎመናቸውን የሚያጠጡት በዚህ ወንዝ ነው» አለች።

«እጀታውን አምጪ! የወንድሜ ሚስት ባትሆኚ ኖሮ ዛሬውኑ አባርርሽ ነበር!»

«እንግዲያው የወንድምዎን ሚስት ይተዉና ኬሚስቷን ያባሯት።»

«ተባረሻል!»

«እሺ። ቫልቩ ግን አይከፈትም።»

ባለቤቱ ወደ ሽማግሌው ቀላሚ ዞረ። «ፒንሳ አምጣ!»

«ፒንሳ? እኔ እንጃ ጌታዬ፣ ካየሁት ሰነበትኩ» አለ ሽማግሌው። የፒንሳው እግር ከኪሱ ብቅ ብሎ ይታያል። ማንም አልሳቀም።

ባለቤቱ በንዴት የፓምፑን መብራት አጠፋና ሁሉንም ወደየቤታቸው ሰደዳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሲመጣ የተባረረችው ሴት ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ ከገንዳው በባልዲ እየቀዳች መስታወቶቹ ላይ ታፈሳለች።

«አላባረርኩሽም?»

«አባረውኛል። ስለዚህ ሊያዙኝ አይችሉም። ወይ ባልዲ ያንሱ፣ ወይ ከፀሐዬ ላይ ዞር ይበሉልኝ፤ ጥላዎ መስታወቱ ላይ ወድቋል።»

ዞር አለ። ለራሱ እያጉረመረመ ሄዶ ፓምፑን አበራው። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እሷም አልጠየቀችም። በዚያ ሰሞን የቀረበትን ሥራ እስከ ዛሬ ያነሳል። ውሃው ግን የተለቀቀው እሷ በፈቀደች ዕለት ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ ጠብታ አልሄደም።