እሁድ ከሰዓት የያዝኩት መስመር

ወንድሜ ኮምፒውተሩን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲልክልኝ አንድ ነገር ሳይነግረኝ ቀረ፤ ወይም ነግሮኝ እኔ አልሰማሁት ይሆናል። ውስጡ የተጫነው በማስተምርበት ትምህርት ቤት የለመድኩት ዊንዶውስ አይደለም፤ ሊኑክስ የሚሉት ነው። ደውዬ ብጮህበት፣ «እኔ እስክመጣ አትንኪው፤ ኢንተርኔት ማስገባቱ ላንቺ አይሆንም» አለኝ። አይሆንም! እኔን አይሆንም ማለት በእሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው። አብረን ያደግን ሰዎች ነን፤ እያወቀ ነው ያለው።

ያኔ ጎንደር ውስጥ ሞባይል የያዘ ሰው ጥቂት ነበር። በግቢያችን የነበረው አባቴ ለጨርቅ ንግዱ ያስገባው አንድ የቤት ስልክ ነው፤ ቁጥሩን ግን ሰፈርተኛው ሁሉ ለዘመዱ ሰጥቶታል። ከሁሉም በላይ የሚጠብቁት እኛው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ እማማ የምንላቸው የአምባ ጊዮርጊስ ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። ባለፈው ዓመት እዚያው ወባ ጥሎት ለጥቂት ነው የተረፈው። እሁድ ሥራ ስለሌለ ከእርሻው ወጥቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደውልላቸዋል። ያችን ድምፅ ከሰሙ ሳምንቱን ሙሉ ሰላም ያድራሉ፤ ካልሰሙ እህል አይወርድላቸውም።

እኔም ለሥራዬ የመረጥኩት ያንኑ እሁድ ነበር፤ ሌላ ቀን ትምህርት አለብኝ። የኢንተርኔት መስመሩን ስመዘገብ የሰጡኝ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ በእጄ ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ «ስታርት የሚለውን ይጫኑ» ይላል። እኔ ዘንድ ስታርት የሚባል ነገር የለም። ገና ከአንደኛው መስመር ሳንገናኝ እንዴት ልንግባባ ነው? ወረቀቱን ወርውሬ ወንድሜ አብሮ የላካትን በእንግሊዝኛ የተጻፈች የሊኑክስ መጽሐፍ በጣቴ እየተከተልኩ ማንበብ ጀመርኩ። የስልኩን ገመድ ከስልኩ ነቅዬ ኮምፒውተሩን በስልክ መስመር የሚያገናኘው ሞደም ላይ ሰካሁ። ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት ላይ አንድ ፊደል ስስት ሁሉንም እንደገና መጻፍ ነው። ጻፍኩ፣ ሳትኩ፣ ተራገምኩ። አባቴ ከሳሎን «አንቺ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣይው?» ይለኛል።

ሞደሙ መስመሩ ነፃ መሆኑን የሚነግረውን ድምፅ አይለየውም ኖሮ፣ ሲጠብቅ ቆይቶ «መስመር የለም» ብሎ ይዘጋል። ድምፁን ሳትጠብቅ ደውል ብዬ ማዘዝ እንዳለብኝ እስካገኘው ድረስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው።

እማማ በሰዓታቸው መጡና ከስልኩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ቁጭ አሉ። በዚያው ቅጽበት ሞደሙ ጮኸ።

«በስመ አብ! ምነው እንዲህ ያስለቅሱታል?» አሉ።

«አምስት ደቂቃ ብቻ እማማ፣ አሁን እለቅልዎታለሁ።»

«ምን ቸገረኝ፣ ሥራሽን ሥሪ የኔ ልጅ።»

ተገናኘ! ወላሂ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። ወንድሜን በሐሳቤ አሥር ጊዜ ሰደብኩት። ኮምፒውተሩ ደግሞ ማሻሻያ አለኝ፣ ላውርድ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። አዎ ስል ያችን አምስት ደቂቃ ረስቼ አልነበረም፤ ካቋረጥኩት ተመልሶ አይገኝልኝም ብዬ ነው። አንድ በመቶ፣ ሁለት በመቶ እያለ ሲጎተት አፌን ከፍቼ ሳይ፣ እሳቸው የተነቀለውን ስልክ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አንድ ጊዜ እንኳ ልቀቂልኝ አላሉኝም። እኔም ዞር ብዬ አላየኋቸውም፤ ባያቸው ማቋረጥ ሊኖርብኝ ነው።

ሊመሽ ሲል ተነሱ። «ሳይመቸው ቀርቶ ይሆናል» አሉ፤ ፊታቸው ግን አመድ መስሏል። ያኔ ገመዱን ነቅዬ ስልኩ ላይ መለስኩት። አልጠራም። ማጥፋቴ ገብቶኛል፤ ግን ደስታዬ በለጠና ተውኩት።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ለቅሶ ቀሰቀሰኝ። «እናቴን! እናቴን!» እያለ አንድ ሰው የግቢውን በር ገፍቶ ገባ። ልጃቸው ነው። ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆታል። እማማ ፊታቸውን ሊታጠቡ ጆግ ይዘው ሲወጡ ተገጣጠሙ። እሳቸው ደግሞ ያን ነጠላ ሲያዩ ጆጉን ለቀቁት።

«ማን ሞተብኝ? ማንን ልታረዳኝ መጣህ?» ብለው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ።

እሱ ቆሞ እያያቸው፣ ዓይኑን ማመን አቅቶት መሬት ላይ ተቀመጠ። አባቴ በሽርጡ ሮጦ ወጣ። «ምንድን ነው? አላህ ይጠብቀን፣ ምን ሆናችሁ?»

«እሁድ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ደወልኩ» አለ ልጁ፤ «ተይዟል፣ ተይዟል፣ ተይዟል። ይኸን ያህል ስልክ የሚያዘው ለቅሶ የገባበት ቤት ነው። እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገር፤ ማንን ልጠይቅ? ሰኞ ማለዳ መኪና ያዝኩ። ጎንደር መግቢያ አዘዞ ስደርስ መሸ፤ በጨለማ ብቻዬን መግባት ፈራሁና እዚያው አደርኩ።»

በሬ ላይ ቆሜ ሰማሁት። ልደበቅ አስቤ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። «እኔ ነኝ» አልኩ፤ «ስልኩን እኔ ነኝ የያዝኩት። ይቅር በሉኝ።» እንባዬ መጣ።

እማማ አንገቱን አቅፈው እንደያዙ ቀና አሉ። «ምነው አንቺ ደግሞ ታለቅሻለሽ? እሁድ ቢያገኘኝ ድምፁን ብቻ ነበር የምሰማው። ይኸው ገላውን ይዣለሁ፣ ሸጋ ነው» አሉ።

እሱ ግን አልሳቀም። «ከመተማ እስከ አዘዞ ስቀብራት ነው የመጣሁ» አለኝ፤ በቁጣ ሳይሆን ቀስ ብሎ።

እናቱ ነጠላውን ከትከሻው ላይ አነሱ፤ አራገፉና እንደ ወጉ አድርገው መልሰው አለበሱት።