የደጀ ሰላሙ ጠብታ

አባቴ በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ እኔም በየዓመቱ እዋሸዋለሁ። ጥያቄው «ዘንድሮስ አብረን እንቁረብ?» የምትል ናት። ውሸቴ ግን ይለዋወጣል። አንድ ዓመት ቢሮ ሥራ በዛብኝ አልሁት። አንድ ዓመት አሞኛል አልሁት። ባለፈው ዓመት ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ «መጀመሪያ ባል ፈልግልኝና ከእሱ ጋር እቆርባለሁ» አልሁት። «ወይ አንቺ!» ብሎ ሳቀና ሽሮውን መብላቱን ቀጠለ።

ዘንድሮ ግን አልሳቀም። ፍልሰታ በገባ በአራተኛው ቀን፣ አስቀድሰን በሐይቁ ዳር ስንመለስ፣ «ጉልበቴ እንደምታይው ነው» አለኝ። «አንድ ጊዜ፣ እንደ ያኔው፣ ካንቺ ጋር ብቆርብ ሌላ የምፈልገው የለም።» ያዘጋጀሁት ውሸት አፌ ላይ ደርሶ ቀረ።

«ያኔ» የሚላት ቀን አለች። አባቴ በዕድሜው ከሁሉ የሚወዳት ቀን ናት። እኔ ደግሞ ያችን ቀን ለሃያ ስድስት ዓመት ሸሽቻታለሁ። እውነቱን ብነግረው ቀኑን እነጥቀዋለሁ። ባልነግረው ደግሞ ልመናውን እነፍገዋለሁ። ምን ይሻለኛል?

ያን ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነው። የዚያ ክረምት ነገር ሕልም ሕልም ይለኛል። የባሕር ዳር ክረምት እንደዚያ ነው፤ ሐይቁ የት አብቅቶ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይለይም። ጧት ጧት ደሴቶቹ ይጠፋሉ፤ አንዳንዴ ከጉሙ ውስጥ አንድ ታንኳ ብቻ ብቅ ይልና ተመልሶ ይገባል። የደወሉ ድምፅ ከውኃው ሥር የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። በፍልሰታ እኛ ልጆች እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን፤ ሆዳችን እየጮኸ፣ እግራችን ጭቃ ለብሶ፣ ነጠላችን ዝናብ ዝናብ እየሸተተ ቅዳሴ እንቆማለን። ከሁሉም የማስታውሰው ያን የእርጥብ ነጠላ ሽታ ነው። ዛሬም ሲሸተኝ እንቅልፌ ይመጣል።

አባቴ የፋብሪካ ሰው ነበር፤ የሽመና ማሽን ይጠግናል። ቁጡ ነው። እኔም ቁጣዬን የወረስሁት ከእሱ ስለሆነ አልፈርድበትም። አለቃ አይፈራ፣ ማሽን አይፈራ፤ አንድ የሚፈራው ነገር ቢኖር ቁርባን ነበር። እኛን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይመጣና በሩን ተሳልሞ፣ ከግቢው ዛፍ ሥር ቆሞ አስቀድሶ ይመለሳል። ወደ ውስጥ ዝር አይልም። «በቀን አሥር ጊዜ የምሳደብ ሰው፣ እኔ ምን አፍ አለኝ?» ይላል።

የንስሐ አባታችን ከደቅ ደሴት በጀልባ የሚመጡ ሽማግሌ ካህን ነበሩ። አባ ነው የምንላቸው። እሳቸውም አልተዉትም። በመጡ ቁጥር «ልጄ፣ ጽድቅህን ተሸክመህ ና ያለህ የለም፤ ባዶ እጅህን ና» ይሉታል። «ለከርሞ፣ አባ» ይላቸዋል። እንዲህ ሲሉና ሲል ስምንት ዓመት ሄደ።

በዚያ ዓመት እናቴ ወንድሜን ወለደች። አባቴ ሕፃኑን አቅፎ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ አባ ለጥየቃ ሲመጡ ድንገት «እሺ» አላቸው። «ግን ብቻዬን አልችልም። ከልጄ ጋር ይሁን። እሷ ፊት ፊት ትሂድልኝ፣ እሷን እያየሁ እከተላለሁ። እሷ ከቀረች እኔም ቀረሁ።» አባ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰማሽ? አባትሽን የምታስገቢው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ደረቴን ነፋሁ። ለእኔ ቁርባን አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከሰማንያ ቀኔ ጀምሮ ስቆርብ ኖሬአለሁ። ለአባቴ መንገድ መሪ መሆን ግን የጄኔራል ሹመት መሰለኝ።

አባቴ ያን ጾም ሙሉ ሰው አልሰደበም። ከአባ የተሰጠውን ስግደት ጧት ጧት ከአልጋው አጠገብ ይሰግዳል፤ ወለሉ ሲንቋቋ እሰማለሁ። ንስሐውን ገባ። የነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ዋዜማ አባ አስቀምጠው አስጠነቀቁኝ። ከመቁረብ በፊት በአፍ ምንም አይገባም። እህል አይገባም፣ ውኃ አይገባም፤ ዝንብ እንኳ ብትገባ ያን ቀን ይቀራል። ሲነጋም እናቴ ከአራስ አልጋዋ ሆና፣ «ፊትሽን ታጠቢ እንጂ አፍሽን እንዳትጉመጠመጪ! ጠብታ እንዳትገባ!» አለችኝ። እሺ አልሁ። ማታ የበላሁት ቆሎ ግን ጨው በዝቶበት ስለነበር ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል።

ዝናቡ ያካፋል። አባቴ ጥላውን ለእኔ ይዞልኝ የእሱ ትከሻ ይረጥባል። ነጭ ቀሚሴን ጭቃ እንዳይነካው እየዘለልሁ፣ ግማሽ ልቤ ገና ተኝቶ፣ እጁን ይዤ እሄዳለሁ።   

ደጀ ሰላሙ ጋ፣ የቅጥሩ በር ላይ ደረስን። አባቴ ጥላውን አጠፈና ግንባሩን መቃኑ ላይ አድርጎ ሊሳለም ቆመ። ቆየ፤ በጣም ቆየ። እኔ ከበሩ ክፈፍ ሥር ቆሜ ወደ ላይ አያለሁ። ከቆርቆሮው ጫፍ አንዲት ጠብታ ትንጠለጠላለች፣ ትወፍራለች፣ ትወፍራለች፣ ትወድቃለች። ከዚያ ሌላዋ ትተካለች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ምላሴን አወጣሁ። ወደቀችልኝ። ቀዝቃዛ ናት፤ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ትላለች፤ ጣፋጭም ናት። ዋጥኋት። ሁለተኛዋንም ጠብቄ ዋጥኋት። ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ።

በስማም! ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ወደ አባቴ ዞርሁ። ነጠላውን እያስተካከለ ነበር። «ነይ» አለኝ። ገባን። እሱ ወደ ወንዶቹ፣ እኔ ከሕፃናቱ ጋር ወደ ፊት።

ያን ቅዳሴ በቅዠት ነው ያስቀደስሁት። የዲያቆኑ ድምፅ ይመጣል፣ ይርቃል። መጋረጃው ይነፋል፣ ይረጋል። እኔ በልቤ ክርክር ይዣለሁ። ዝናብ ውኃ ነው? የቧንቧው ውኃ ነው፤ የጣናውም ውኃ ነው፤ ይህማ ከእግዚአብሔር እጅ በቀጥታ የወረደ ነው፤ እንዴት ያስቀራል? እላለሁና ደስ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ «ጠብታ እንዳትገባ!» የሚለው የእናቴ ድምፅ ይመጣብኛል። እንዲያው ያን ሁሉ የምታውቅ ልጅ ምን ነበር ለአንድ ሰው ብትናገር? ግን ለማን ልናገር? ብናገር አባቴ ይቀራል። ስለዚህ ያን ቀን አንድ ጸሎት ብቻ ነው የጸለይሁት፤ አባዬ እንዳያውቅ።

ሰዓቱ ደረሰ። ጨቅላዎቹ ቆረቡ። እኛን ሲጠሩ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁት። ከወንዶቹ መካከል ቆሞ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሏል። አንድ እግሩ ወደ ፊት ነው፣ አንድ እግሩ ወደ በሩ። ከተቀመጥሁ ወጥቶ ይሄዳል፤ አውቀዋለሁ። ተነሣሁ። ሄድሁ። አፌን ከፈትሁ።

እሱም መጣ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ነጠላውን አፉ ላይ እንደያዘ ያለቅሳል። በነጠላው ውስጥ ይስቃልም። ቤት ገብቶ አራሷን ሳመ፣ ሕፃኑን ሳመ፣ እኔን አንሥቶ ጣራ ሊያስነካኝ ደረሰ። «እሷ ናት ያስገባችኝ!» ለመጣው እንግዳ ሁሉ ይህንኑ ይናገራል። እኔ ዳቦ እቆርሳለሁ። ከዚያ ዓመት ወዲህ አባቴ አንድም ፍልሰታ ሳይቆርብ አልቀረም።

እኔ ግን ያ ቀን የመጨረሻዬ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ሆዴን አመመኝ አልሁ። ከዚያ አደግሁ። በእኛ ዘንድ ልጅነት ካለፈ እስከ እርጅና ድረስ ለምን አትቆርቢም የሚል የለም፤ ተመቸኝ። ጾሙን እጾማለሁ፣ ኪዳኑን አደርሳለሁ፣ በየክረምቱ «ዘንድሮ ፍልሰታን አንድም ቀን አላጎድልም፣ ሰውም አልቆጣም» የምትል ትንሽ ሐሳብ አስባለሁ። ሁለተኛዋ፣ ያለመቆጣቷ፣ እስከ ሦስት ቀን ብትቆይ ነው። የቁርባኑ ሰዓት ሲደርስ ግን ዓይኔን እግሬ ላይ እጥላለሁ። ለአባ ልነግራቸው አስቤ ለአባቴ ይነግሩታል ብዬ ፈራሁ፤ ሳልነግራቸው ዐረፉ። በእሳቸው ቦታ ለተተኩት ወጣት ካህን ደግሞ ስለ አንዲት ጠብታ ማውራት አፈርሁ። የከበደችኝ እኮ ጠብታዋ አልነበረችም። አውቄ መሄዴ ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ፣ አባቴ ያን ከጠየቀኝ በኋላ፣ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን። ለጾሙ የተዘጋ አንድ ዓሣ ቤት በረንዳ ላይ ገብተን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አንድ የባጃጅ ሾፌርም እኛው አጠገብ ተጠልሏል። ዛሬ ካልተናገርሁ መቼም አልናገርም አልሁ።

«አባዬ፣ ያኔ የቆረብን ጊዜ...»

«እህ?» ፊቱ በራ። የፈራሁት ይህንኑ ነበር።

«ደጀ ሰላሙ ላይ አንተ ስትሳለም፣ ከቆርቆሮው...»

«ምላስሽን አውጥተሽ ነበር» አለኝ።

 ደሜ ፈላ። «እንዴ! አይተኸኛል? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር?» ብድግ ብዬ ጮህሁበት፤ ያውም ቅዳሴ ውዬ፣ በጾም አፌ። የባጃጁ ልጅ ዞሮ አየን።

«ተቀመጪ፣ ሰው ያየናል።»

«ይየና! እኔ በዚህ ነገር እንቅልፍ አጥቼ ስኖር አንተ ቁጭ ብለህ 'እሷ ናት ያስገባችኝ' ትላለህ?»

«ተቀመጪ አልሁሽ» አለ፤ እንደ ድሮው ሊቆጣ ሞክሮ ድምፁ ከዳው። ተቀመጥሁ። ቀስ እያለ ነገረኝ። «ግንባሬን ከመቃኑ ሳነሣ አየሁሽ። ጠብታዋ ስትወድቅም አየሁ። ልጠይቅሽ አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። ብጠይቅሽ አትዋሺኝም። ካልዋሸሽኝ እጅሽን ይዤ ወደ ቤት ነው። ያን ቀን ከበሩ ብመለስ ደግሞ ዳግመኛ አልመጣም ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። እና 'ምላሷን አየሁ እንጂ ስትውጥ አላየሁም' አልሁ። ቅዳሴው እስኪያልቅ አንድ ነገር ብቻ ለመንሁ፤ እንዳትነግሪኝ።»

እኔ እንዳያውቅ ስጸልይ፣ እሱ እንዳልነግረው ይጸልይ ነበር። ሁለታችንም የለመንነው ተሰጠን። አንጀቴን በላው፤ ቁጣዬ ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

«ለአባስ አልነገርኻቸውም?»

«ሌላ ኀጢአቴን ሁሉ ተናግሬአለሁ። ያችን ጠብታ ግን 'አላየሁም' እያልሁ ዘለልኋት። አንቺ በየዓመቱ ስትቀሪ ታዲያ፣ 'ያች ጠብታ ናት ያስቀረቻት' እላለሁ። አንድ ዓመት እንኳ ብትመጪ ኖሮ ልቤ ባረፈ። ስለዚህ ነው የምጨቀጭቅሽ።»

 ነጠላውን ትከሻው ላይ ሰበሰበና፣ «ያኔ መጠየቅ የነበረብኝን አሁን ልጠይቅሽ» አለ። ዓይኔን አላየኝም። «ዋጥሽው ወይስ ተፋሽው?»

«ተፋሁት» ብለው ኖሮ ያምነኝ ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ ያች የሚወዳት ቀን ነጽታ ትመለስለታለች፣ እስከ ዛሬ የቆረበውም ሁሉ እንዲሁ። እንድላትም የፈለገ መሰለኝ፤ አንገቱን አቀርቅሮ በሁለት እጁ አግዳሚውን ጨብጦ ነበር።

«ዋጥሁት» አልሁት። «ሁለት ጊዜ።»

ራሱን ነቀነቀ። «አውቅ ነበር» አለ።

ከዚያ እኔን ሳይጠብቅ ተነሣና፣ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ መጣንበት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወደ ወጣቱ ካህን፣ ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ሄደ። ነጠላዬን ሰብስቤ ተከተልሁት።