ሳይጣሩ መውረድ

ዛሬ ጠዋት እዚሁ ፌስቡክ ላይ ባየሁት ቪዲዮ ደሜ ፈልቷል።

ወጣቶች ሙዚቃ ለቀው ከከሚሴ ወጣ ብሎ ባለው የኖራ ድንጋይ ገደል ይወርዳሉ። ጀሪካን የተሸከመች ሴት ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ታሳልፋቸዋለች።

"ማንም ያልረገጠው ቦታ" ብለው ጽፈዋል። ሴትዮዋ እንግዲህ በክንፍ መጥታ ይሆናል!

ያንን ገደል አውቀዋለሁ። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ከሚሴ አስተማሪ ሳለሁ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ለሽርሽር ሄደንበታል።

ያሳደሩን ገበሬ ሼህ ሰይድ አጥብቀው ነግረውን ነበር፦ "አፋፉ ላይ ሆናችሁ ተጣሩ። ከታች መልስ ከመጣ ወላሂ እንዳትንቀሳቀሱ። መንገዱ ሸክም ይዞ ለሚወጣ ነው።"

እኛ ተማርን ባዮቹ ሳቅንባቸው። ሳንጣራ ወረድን።

መሃል ላይ "ቱራ! ጠብቁ!" የሚል ጩኸት ሰማን። የሼህ ሰይድ ምራት ውሃ የሞላ እንስራ አዝላ እየወጣች ነበር። መንገዱ ሁለት ሰው አያሳልፍም።

ወደ ላይ መመለስ የነበረብን እኛ ነን። አንዳችን ግን "አሳልፊን እንጂ!" ብሎ ተቆጣት። እኔም ዝም አልኩ።

ውሃውን ገደል ውስጥ ደፋችው፣ ባዶውን እንስራ ከራሷ በላይ አንስታ ግድግዳው ላይ ተለጠፈችልን።

ለምሳ ስንመለስ የእጅ ውሃ አቀረበችልን። ለካ እንደገና ወርዳ ቀድታ ኖሯል።

ታጠብኩበት፤ በላሁም።

እናንተስ? ለእናንተ ሽርሽር ውሃዋን የደፋችው ማን ናት? ስሟን የምታውቁ ጻፉልኝ።

እኔ አልጠየቅኳትም።