አያ ውቤ ምላጩን የሳለባት ቅዳሜ

በ1965 ዓ.ም. ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትናንት የታናሽ ወንድሜ የአለበል የልጅ ልጅ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሊወርድ ቦርሳውን ሲሸክፍ አይቼ ነው ያ ዓመት የመጣብኝ። ብዙ አልተማርኩም፤ የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ።

ያኔ እኔና አለበል ከደባርቅ ወርደን በጥቅምት ሰሊጥ አጨድን። የማሽላ እንጀራ በልተን፣ ከሙቀቱ ሸሽተን፣ ከግራር ሥር በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ እንተኛ ነበር። አገር ቤት ከተመለስን በኋላ ለጥምቀት ግድም ትኩሳት ያዘን፤ አልለቅ አለ። ሰውነታችን ከሳ፣ ግራ ጎናችን አበጠ። በእኛ አገር ጣፊያው ያበጠ ሰው ጎኑን በምላጭ ይበጣል። ታላቅ ነኝና ቀድሜ እኔ ተበጣሁ። በጪው አያ ውቤ አለበልን ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሚውለው ቅዳሜ ቀጠረው።

ቁስሌ ግን አልደርቅ አለ፤ መግል ቋጠረ፣ ሸተተ። በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ጎንደር ሐኪም ቤት ገባሁ፣ ደሜን ወሰዱ። ዓርብ ከሰዓት ሐኪሙ መጣ።

«ነጭ የደም ሕዋስህ በጣም አንሷል። ቁስል እንዳያመረቅዝ የሚከላከለው እሱ ነበር።»

«ምነው አነሰ? ስለራበኝ ነው?»

«ረሃብም ያሳንሰዋል፤ አንዳንድ መድኃኒትም፣ ሌላ በሽታም። ያንተ ካላዛር ነው። ግራር ሥር ስትተኛ ከትንኝ የምታንስ ዝንብ ነክሳሃለች። በሽታው ጣፊያህና መቅኒህ ውስጥ ገብቷል። ደም የሚሠራው ደግሞ መቅኒ ነው። ማን ነው የበጣህ?»

«የአገር ሰው።»

«አንተስ እግዜር አትርፎሃል። እንዲህ ሆኖ የተበጣ ብዙ አይቆይም። ነገ ጠዋት መርፌ ትጀምራለህ፤ ከአልጋህ እንዳትነሣ።»

ነገ ቅዳሜ ነው፤ አለበል የሚበጣበት ቀን። አለበል ከእኔ ይልቅ ከስቶ ነበር።

«አያ፣ አሁን እኮ አጎበር አለ» ይለኛል ዛሬ መተማ የሚወርደው የአለበል የልጅ ልጅ እየሳቀ። አጎበሩን ግን ቦርሳው ውስጥ አላየሁትም። አያቱ አለበልም ያኔ እንዲሁ ይስቅ ነበር። እኔ ያን ፍርሃት እስካሁን አልጨረስኩትም፤ ሳይሄድ ይህን አነብለታለሁ።

ያኔ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከአልጋዬ ወርጄ በመጀመሪያዋ ማኪና ደባርቅ ገባሁ። አያ ውቤ ደጅ ስደርስ እሱ ምላጩን ይስላል፤ አለበል ሸሚዙን አውልቆ ተጋድሟል።

«ምነው፣ ዳንክ?» አለኝ አያ ውቤ።

ጋቢዬን ገልጬ ቁስሌን አሳየሁት። ምላጩን አስቀመጠ። አለበልን አስነሥቼ፣ ሸሚዙን አልብሼ፣ ደግፌ ጎንደር ሐኪም ቤት ወደምትመልሰን ማኪና ወሰድኩት።