ሁለት ትምህርት ቤት፣ ሁለት ቃሬዛ

ልጄ ጥሩወርቅ ባሏ ሥራ ስለቀየረ ከነልጆቿ ወደ ሌላ ከተማ ልትዛወር ነው። ሰሞኑን የትምህርት ቤት ፎቶ በስልክ ትልክልኛለች፤ የአንዱን ቤተ መጻሕፍት፣ የሌላውን መዋኛ፣ የፈተና ውጤት በቀለም ተለይቶ። ትናንት ደውላ፣ «አባባ፣ እርስዎ እኛን ይዘው ከጊሼ ሲወጡ ምን አይተው ነው የመረጡት?» አለችኝ። ነገ እነግርሻለሁ ብዬ ዘጋሁ። ሳላስብ የምመልሰው ጥያቄ አልነበረም።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ሁለት ልጆች የወለድኩ ገብስ አራሽ። የቀበሌያችን ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። እኔ ራሴ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠረኝ ዘመዴ የሆነ ዲያቆን ነው፤ የቀረውን ራሴ ለራሴ ተማርኩት። ሰው በማያውቀው ነገር ላይ ከመፍረዱ በፊት ሄዶ ማየት አለበት። ስለዚህ መሬቴን ለእኩል አራሽ ከመስጠቴ በፊት ሁለት ከተሞችን በእግሬ ሄጄ ለማየት ተነሣሁ።

የካቲት ነበር። ባለቤቴ አስካለ በሶና የባቄላ ቆሎ ቋጠረችልኝ። የጓሳን ደጋ በማለዳ ሳቋርጥ ሣሩን ውርጭ ይዞት ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሽ ነበር። የጓሳ ብርድ ለማንም አያዝንም፤ ግን አያታልልም፣ ገና ከሩቁ ብርድ መሆኑን ይነግርሃል። ትምህርት ቤት እንዲህ አይደለም። በሩ ላይ ቆመህ ልጅህን የት እንደሚያደርስልህ አታውቅም።

የመጀመሪያዋ ከተማ ትምህርት ቤት ጣሪያው አዲስ ነበር፤ አስተማሪዎቹ ግን ግማሹን ቀን አይገኙም። መንገድ ዳር ትምህርት የጨረሱ ጎረምሶች ከረንቡላ ይጫወታሉ። «ከእናንተ መካከል ፈተና ያለፈ አለ?» ብላቸው አንዱ፣ «ማለፍማ አውቶቡሱም ያልፋል። እኛ ግን አለን» ብሎ አሳቀብኝ።

ሳቁ ሳያባራ ከቁልቁለቱ በኩል «ቃሬዛ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ምጥ የጠናባት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ልትወሰድ ነው። ጎረምሶቹ ጨዋታቸውን ጥለው ሮጡ። እየተፈራረቁ፣ ቃሬዛውን አንዴም መሬት ሳያስነኩ ይዘዋት አለፉ።

የሁለተኛዋ ከተማ ትምህርት ቤት ቆርቆሮው ዝጓል፣ የጭቃው ምርጊት ረግፏል። ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ባዳምጥ ግን ክፍሉ በሙሉ ከአስተማሪው እኩል ያሰላ ነበር። ዘበኛው፣ «ከዚህ የወጣ ልጅ አዲስ አበባን ሞልቶታል» አለኝ። ልቤ ወሰነ።

ከከተማዋ ስወጣ ዳገቱ ላይ አራት ሽማግሌዎች ቃሬዛ አሳርፈው ሲያለከልኩ ደረስኩባቸው። አንዱ፣ «አንተ ጎበዝ፣ ትከሻህን አበድረን። ወለድ ግን የለንም» አሉኝ። ገባሁና ተሸከምኩ። የኔ ትከሻ ከእነሱ ከፍ ስለሚል ቃሬዛው አዘነበለ፤ በጋቢ የተጠቀለሉት በሽተኛ አቃሰቱ።

«ልጅ የለዎትም አባቴ?» አልኳቸው በሽተኛውን።

«ሦስት አሉኝ። አንዱ ሐኪም ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ያለበትን አገር ሰው ያክማል። አንተን ምን አመጣህ?»

«ልጆቼን ላስገባ ትምህርት ቤቱን ለማየት ነው።»

 «ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ አምጣቸው» አሉኝ። «ብቻ ጎረቤትህን አስቀድመህ ምረጥ።»

ጤና ጣቢያው ሳንደርስ ትንፋሻቸው ቆመ። ሽማግሌዎቹ ቃሬዛውን ወደመጡበት አዞሩት። እኔም እስከ ቤታቸው አብሬ ተሸከምኩ።

አገሬ ገብቼ ያየሁትን ሁሉ ለአስካለ ነገርኳት። «የሚያልፉበት ይሻላል ወይስ የሚቀሩበት?» ብላት፣ ገብስ ማበጠሯን ሳታቋርጥ፣ «የወለድናቸው ለቃሬዛ ነው እንዴ?» አለች። ክረምቱ ሳይገባ ጓዛችንን በአህያ ጭነን ወደ ሁለተኛዋ ከተማ ሄድን።

ልጆቹ አለፉ። አልፈውም ሄዱ። አምና አስካለ ስትሞት ለቀብሯ አልደረሱም፤ የደረሱት ለሠልስት ነው። ሰው ልጁን ያስተምር እላለሁ፣ አምኜበት ነው የምለው። መማር ግን ከወላጅ የሚወስደው ነገር የለም ብሎ የሚሰብክ ሰው ወይ አልወለደም ወይ ይዋሻል።

ዛሬ ጥሩወርቅ ስትደውል ይህንኑ ነገርኳት። «አባባ፣ ቅር ብሎዎታል?» አለች።

«ብሎኛል» አልኳት። «ይጸጽተኛል ግን አላልኩም። ከትምህርት ቤቶቹ የተሻለውን ምረጪ፤ ምን እየመረጥሽ እንደሆነ ግን እያወቅሽ ምረጪ።»

ስልኩን አልዘጋችም። ከኋላዋ ልጆቿ በአንድ አሻንጉሊት ሲጣሉና ሲታረቁ ይሰማኛል። እሷም እንደኔ ታዳምጣቸዋለች።